በሬ የጋለበው አያቴ

አባቴ ግንበኛ ነበር። ግሪክ ይሁን ሌላ ፈረንጅ እናቴም አጥርታ አታውቅም። ደብረ ማርቆስ ለአንድ መኳንንት ቤት ሊሠራ መጥቶ፣ እዚያው ጠላ ትጠምቅ የነበረችውን እናቴን አገኘ፤ ቤቱ አልቆ ጣሪያው ሲከደን ወደመጣበት ሄደ። ግንቡ እስከ ዛሬ ሳይነቃነቅ ቆሟል ይላሉ። እኔም ይኸው አለሁ። ከሁለታችን የትኛችንን ተጠንቅቆ እንደሠራ ለመናገር አይከብድም።

ዛሬ «ክልስ» ይሉታል፤ ለስለስ ያለ ቃል ነው። በእኔ ጊዜ ስሙ ዲቃላ ነበር። እናቴ ይህን ላለመስማት ጡት ሳልጥል አዝላኝ ከደብረ ማርቆስ ወጣችና ማንም የማያውቃት ይጁቤ ገባች። ጥጥ እየፈተለች፣ ልቃቂቱን ገበያ አውጥታ እየሸጠች አሳደገችኝ። ባልሽስ ሲሏት ሞቷል አለች። የት አገር ሰው ነበር ሲሏት ደብረ ወርቅ በኩል አለች። ቅላቴን ሲያዩ ደግሞ «አባቷ ቀይ ነበር» ትላለች። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም።

በእኛ አገር ልጅ አፉን ሲፈታ አያት መቁጠር ይማራል። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ሴቶቹ ልጆች እንስራቸውን አስቀምጠው ይጀምራሉ፦ አባትሽ ማን? የአባትሽ አባትስ? የእሱስ አባት? እየተቀባበሉ እስከ ሰባት ይደርሳሉ። እኔ ጋ ሲደርስ እንስራዬን አጥብ ነበር። መታጠብ የማያስፈልገውን እንስራ ስንት ጊዜ አጠብኩት!

በመጨረሻ ሰለቸኝና አያቶቼን ራሴ ፈጠርኳቸው። አንዱን አንበሳ ገዳይ አደረግኩት፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያን አሳናጺ፣ አንዱን ደግሞ ከነጋሪቱ ባለ ሹመት። የልጅነቴ ደስታ ይኸው ነበር፤ ሌላ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን፤ ዓይኔን ስጨፍን ግን ግቢው ሙሉ ዘመድ ነው። ያጎርሱኛል፣ ይቆጡኛል፣ «የማን ልጅ መሆንሽን አትርሺ» ይሉኛል። መቆጣታቸውን ከማጉረሳቸው አብልጬ እወደው ነበር።

አንድ ቀን ብቻዬን ስቆጥር እናቴ ሰማችኝ። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ሁሉም ጀግና ከሆነ ማን ያምንሻል?» አለችኝ። «እስቲ አንዱን ድሃ አድርጊው። አንዱን ደግሞ አንካሳ።»

አንካሳውን የሰጠችኝ እሷው ናት። ደብረ ማርቆስ ሳለች የሰማችው የደብረ ወርቅ ሰው ነበር። በርስት ተከሶ በቅሎ ቢያጣ፣ በአንካሳ እግሩም ከቀጠሮው ሰዓት እንደማይደርስ ቢያውቅ፣ የሚያርስበትን በሬ ጋልቦ ችሎት ገባ አሉ። ዳኛው ሳቅ አፍኗቸው ለእሱ ፈረዱለት።

«ዘር ሳይተካ ነው የሞተው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «ባለቤት የለውም፤ ውሰጂው።»

አምስተኛ ቤት ላይ አስቀመጥኩት። ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት እሱን ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የሰው አያት ነው።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። እኔም ለአቅመ ሔዋን ደርሼ ገበያውን ከእናቴ ተረክቤ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ ምሽግ ወታደሮች ዶሮና እንቁላል ሊገዙ ይጁቤ ወረዱ። አንዱ ፊቴ ቆመ። እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ከክንዴ ጎን አድርጎ እያስተያየ ሳቀ፤ በቋንቋው የሆነ ነገር አለ። አስተርጓሚው ባንዳ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እህታችን እዚህ ምን ትሠራለች? ይላችኋል!» አለ።

ከገበያተኛው የሳቀ አልነበረም። እነሱ ዶሯቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔ ከቃሉ ጋር ቀረሁ። እኔ ስወለድ እነዚህ ሰዎች የት ነበሩ? ይህን የሚያሰላልኝ ግን አልተገኘም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ልቃቂታችንን የሚነካ ጠፋ። ገጠሩ በአርበኞች እጅ ነበር፤ ማዶ ባለው ቀበሌ ከፈረንጅ ጋር ታይታለች የተባለች ሴት ከነቤቷ ተቃጥላለች። እናቴ ማታ ማታ የበሩን መወርወሪያ እየደጋገመች ትፈትሽ ጀመር።

መግዛቱን ያልተወ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የዲማ በኩል ገበሬ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ዱር ገብቷል። ለእናቱ ፈትል ሊገዛ ይመጣና ልቃቂቱን በእጁ እያገላበጠ ይነዘንዘኛል።

«ይኼኛው ከሮ የለ እንዴ? ለማግ አይሆንም።»

«ካልሆነህ ተወው።»

«ተውኩ አልኩሽ? ከሯል ነው ያልኩሽ።»

ሰው ሁሉ ፀጉሬን ሲያይ እሱ ክሩን ያይ ነበር። ለዚህ ብዬ ወደድኩት። ሽማግሌ ልልክ ነው ሲለኝ ልቃቂቱ ከእጄ ወድቆ ገበያው መሀል ተተረተረ፤ አብረን ለቀምነው።

ሽማግሎቹ መጡ። የአባቱ አጎት የሆኑ አዛውንትና የነፍስ አባታቸው ነበሩ። ያ ቀን ለእኔ የጋብቻ ነገር ብቻ አልነበረም። ወንድሙ አርበኛ የሆነ ቤት ቆጥሮ ከተቀበለኝ ከዚያ ወዲያ የጣሊያን ዘር የሚለኝ አይኖርም። ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ እናቴ ስትቆጥር ከንፈሬ አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር። ድሃውን አለፈች። አንካሳው ላይ ስትደርስ አዛውንቱ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ቆይ! ቆይ እስቲ! በበሬ ችሎት የገባው?»

እናቴ ቀለሟ ጠፋ። «አዎን» አለች።

«የእኛ አይደለም እንዴ! የእኔ አባት አያት! አንዱ ልጁ በክፉ ቀን ተሰዶ የደረሰበት ጠፋ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ልጅቷ የት ናት? አምጧት!»

አወጡኝ። አዛውንቱ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ። እንባቸው ጉንጬን አረጠበው። «አፍንጫዋን እዩልኝ! የሱው ነው፣ ቁርጥ!» አሉ። የግንበኛውን አፍንጫ ነበር የሚያሳዩት።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ሰባት ቤት አልሞላም። ጋብቻው ቀረ።»

«ይቅራ! ልጅ አግኝተን የለ?» አሉ አዛውንቱ።

ለእሺታው የተጠመቀውን ጠላ ለዝምድናው ጠጡት። እናቴ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ታየኝ ነበር። አንድ ቃል ከተናገርኩ የፈረንጅ ልጅ ነኝ። ካልተናገርኩ እህቱ ነኝ። አዛውንቱ እጄን አልለቀቁትም ነበር፤ ሸካራና ሙቅ ነበር እጃቸው። ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ልጁ ራሱ ወንዝ ዳር ጠብቆ አገኘኝ።

«ውሸት ከሆነ ንገሪኝ» አለኝ። «አባትሽ ማንም ይሁን፣ ለማንም አልናገርም። ይዤሽ እጠፋለሁ።»

«እምዬስ?»

«እሷንም።»

የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስለኛል። ግን ወዴት? በአንዱ በኩል አርበኛ፣ በሌላው በኩል ምሽግ፤ እኔን የመሰለ ፊት ይዞ በየትኛው በኩል ይታለፋል? ፍርሃት ብቻ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። በዚያ ሳምንት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ ሰንብቷል። የአዛውንቱ ሚስት አይብ ልካልናለች። አንዷ አክስት ደግሞ ራሴን ሳልሸፍን ብታገኘኝ፣ «የማን ልጅ መሆንሽን ረሳሽ?» ብላ ተቆጥታኛለች። ያን ቁጣ መልሼ መስጠት አልቻልኩም።

«እውነት ነው» አልኩት።

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንደ ዘመድ ጉንጬን ሳመኝና ሄደ። ከእሱ ያገኘሁት ስሞሽ ያ ብቻ ነው።

እናቴን ለብዙ ጊዜ አላናገርኳትም። «መካን ነበር ብለውኝ እኮ ነው» እያለች እንዝርቷን ታሾራለች። አንካሳውን የሰጠችኝ ለእኔ ብላ ነበር።

ጣሊያን ሳይወጣ ሌላ ሴት ዳሩለት። ዳሱ ውስጥ ከሙሽራው እህቶች ጋር አስቀመጡኝ፤ ቦታዬ ነዋ። ከሙሽሪት ወገን አንዲት ሴትዮ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ «ይቺ ቀይዋ ደግሞ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። መልስ ሰጪ ዘመድ ሞልቶ ሳለ እሱ ራሱ ከመቀመጫው ቀና አለ።

«እህቴ ናት» አለ፤ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። ሁለት ወንዶች በአደባባይ እህቴ ብለውኛል። ያ ወታደር ሲለኝ ማንም አልተጠራጠረም፤ እሱ ሲለኝም ማንም አልተጠራጠረም። አጠገቤ የነበረችው ልጅ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «እልል በይ እንጂ፣ ወንድምሽ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

እልል አልኩ።