የኮማንደር ይሁኔ ነጭ ልብስ

ቆቦ ውስጥ ሰው ሁሉ ኮማንደር ይሁኔን አንቱ ይላል። እኔ ራቢዓ ግን አልልም። በእድሜ ልጁ የምሆን፣ አጥር ተጋርተን ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ነውር መሆኑንም አውቃለሁ። አንቱታዬን ለሚገባው አስቀምጬዋለሁ።

ይሁኔ ከቆቦ ትምህርት ቤት ተመርጦ ምፅዋ የባህር ኃይል ኮሌጅ ሲገባ፣ ከእኛ ሰፈር ባህር ያየ ሰው አልነበረም። የእኛ ውሃ ክረምት ከተራራው ወርዶ፣ ደስ ሲለው ማሽላውን አጠጥቶ፣ ሲከፋው ጠራርጎ የሚሄድ ጎርፍ ነው። እሱ ሩሲያ ድረስ ተምሮ፣ የመርከብ አዛዥ ሆኖ፣ በነጭ ልብስና በወርቃማ ቁልፍ አጊጦ ለእረፍት መጣ። ወንድሜ መህዲ ያን ልብስ አየና ልቡ ሸፈተ። የማሽላ ጥበቃውን ጥሎ ከኋላ ከኋላው ሲል ሰነበተ። እናቴ ሀሊሜ ስታለቅስ ከርማ በመጨረሻ ከይሁኔ ጋር ባህር ኃይል ይግባ ብላ እሺ አለች።

«ይሁኔ፣ አደራህን» አለችው።

«እት ሀሊሜ፣ ከኔ መርከብ አይወርድም» አላት።

በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ይሁኔ መርከቡን ይዞ ከአሰብ ወደ የመን ወጣ። ከዓመት በኋላ የሰው ኮት ለብሶ፣ የላስቲክ ጫማ አድርጎ ቆቦ መናኸሪያ ወረደ። እናቴ እንኳን ለአገርህ አበቃህ እንኳ ሳትል «መህዲስ?» አለችው። አላመነታም።

«በሌላ መርከብ ወጥቷል፤ ይመጣል።»

በዚህች ቃል እናቴን አሰራት። የሞተ ሰው መርዶው ይነገራል፣ ለቅሶው ይቀመጣል፤ አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ በሌለበት ይሰገድለታል። በሕይወት ወጥቷል ለተባለ ግን ማን ደፍሮ ይሰግዳል? ዓመታት ሲያልፉ የመስጊዳችን ኢማም ሸህ ሙሀመድሰይድ ቤት ድረስ መጥተው «ሀሊሜ፣ እንስገድለት» ብለው ለመኗት። «ኮማንደሩ ወጥቷል ብሎኛል! የቁም ልጄን አትቅበሩብኝ!» ብላ ጮኸችባቸው። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ሲገባ መናኸሪያ ቆማ የወራጁን ፊት ታያለች። አንዳንዴ ከቆቦ በፊት ወዳሉት ሮቢትና ጎብዬ ድረስ ትሄዳለች፤ ባዶ እጄን እንዴት እናቴ ቤት እገባለሁ ብሎ አፍሮ እዚያ ወርዶ እንደሆነስ ብላ። እኔም ዋጃ ከተማ የታጨሁበትን ትዳር ትቼ እሷን ስከተል አረጀሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ይሁኔስ? አገሪቱ ባህር ስታጣ እሱም ማዕረጉ ስም ብቻ ሆነ። የመስኖ ፓምፕ እየጠገነ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ኖረ። የሰፈር ጎረምሳ «ኮማንደር፣ ባህሩን የት ጣሉት?» እያለ ያሾፍበት ነበር። እኔን አላሳዘነኝም። እናቴን መንገድ ላይ ሲያይ በሌላ ቅያስ ይታጠፋል። በድህነቱ አፍሮ ይመስለኝ ነበር።

በ2011 ባህር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው ተባለ። ነባር መኮንኖች ሲጠሩ ይሁኔም ተጠራ። ከተማው እንኳን ደስ አለዎት ሊለው ደጁን ሲያጣብብ፣ እሱ ከዘራውን ይዞ እኛ ቤት መጣ። ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ።

«እት ሀሊሜ፣ መህዲ በሌላ መርከብ አልወጣም» አለ ቆሞ። «ልንነሳ ስንል ከመርከቡ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ነጩ የክብር ልብሴ አሰብ እቤቴ ቀርቶ ነበር። ሮጠህ አምጣልኝ አልኩት። አገር የሌለው መኮንን ልብስ እንኳ ይኑረው ብዬ። ከተማው ውስጥ ተኩስ ይሰማል፤ ጠበቅሁት… አልጠበቅሁትም። ትቼው ወጣሁ። ቤቴ ደጃፍ ላይ በጥይት ተመትቶ መውደቁን የመን እያለሁ፣ ዘግይተው የደረሱ መርከበኞች ነገሩኝ። አንቺን ሳይ አፌ እምቢ አለኝ።»

ልቧጭረው ተነሳሁ። እናቴ በእጇ ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ለልብስ?» አለችው።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ብሎ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል እግሯን ሰበሰበች።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር፤ ለመህዲ ተሰገደለት። እናቴም ለቅሶ ተቀመጠች። እስላም ክርስቲያኑ ድንኳኑን ሞላው። ይሁኔ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ፤ ግባ ያለው የለም፣ ሂድ ያለውም የለም። ከዚያ ወደ ተጠራበት ባህር ኃይል ሄደ።

ከወራት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ አየነው። ከሌሎች ሽማግሌ መኮንኖች ጋር ተሰልፎ፣ አዲስ ነጭ ልብስ ለብሶ ሰላምታ ይሰጣል። ቁልፉ ወርቃማ ነው፣ እንደ ድሮው። ልዘጋው ሪሞቱን አነሳሁ።

«ተይው ራቢዓ፣ አትዝጊው» አለች እናቴ። አውቶቡስ መጠበቁን ከተወች ወዲህ ከመደቧ አትነሳም። «ልጄ የሞተበትን ልብስ ልየው።»