የጋሽ ወልዴ ዕድርና ጥቁር ጉድጓዱ

ዛሬ ከሰዓት አየር ጤና፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሊዲያ ስልክ ጮኸና ልጅቷ ብድግ አለች። ሁላችንም «ደግሞ ማን ሞተ?» ብለን ደነገጥን።

ሌላ የሞተ የለም። ሊዲያ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ የሥነ ፈለክ ተማሪ። ስልኳ የጮኸው ለዓመታት ዝም ብሎ የኖረ ጥቁር ጉድጓድ ድንገት የጎረቤቱን ኮከብ መብላት ጀምሮ ነው።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ «ምንድነው እሱ?» አሏት።

«የሞተ ኮከብ ነው፣ ጋሼ።»

«ሞቶም ይበላል?»

«ይበላል። የሚበላው ጋዝ በጣም ሲግል ኤክስሬይ ይረጫል። አየሩ ስለሚያግደው የሚታየው ከጠፈር ብቻ ነው። ጠፈር ላይ ያለው ቴሌስኮፕ ወደዚያ እንዲዞር አሁኑኑ ማመልከት አለብኝ፤ ቶሎ ይለዋወጣል።»

«መቼ ጀመረው?»

«ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት። ብርሃኑ ገና ዛሬ ደረሰ።»

ጋሽ ወልዴ የሚቆጧት መስሎኝ ነበር፤ እኔን ለኳስ ብወጣ ቀሪ ብለው የመዘገቡኝ ሰውዬ እኮ ናቸው!

«ይሄማ ዘግይቶ የደረሰ መርዶ ነው» አሉ። «መርዶ የሰማ ሰው ቁጭ አይልም። ሂጂ ልጄ፣ ቀሪ አልልሽም።»

ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከድንኳኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ማመልከቻዋን በስልኳ ላከች። ሰማይ የምትጠብቀውን ልጅ ላድንቅ ወይስ ወዲያው የገባቸውን ሽማግሌ?

በእናንተስ ሰፈር፣ ዳኛው ቀሪ ሳይሉ የሸኙት ሰው አለ? ምን ሊያይ ሄደ?