ክንፍ ላይ የተለጠፈችው አማካይ

ልጅ እያለሁ፣ በስደት በገባንበት ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ውስጥ ሀበሻ ከሆንሽ ሯጭ ነሽ፤ አለቀ! እኔ ግን አውቶቡስ እንኳ ሮጬ ደርሼበት አላውቅም። እግሬ አጭር፣ ትንፋሼ ቶሎ የሚያልቅ ልጅ ነበርኩ። የምችለው ኳስ ማቀበል ነው፤ እሱንም የተማርኩት ከአንድ ስፔናዊ አማካይ ነው።

ሰውየውን የማውቀው በቴሌቪዥን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አባባ ከሚሠሩበት ፋብሪካ ናይት ሺፍት መጥተው፣ የሥራ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ዘፍ ይላሉ። የማሽን ዘይት ይሸታሉ። ያ ደቃቃ ሰው ኳስ ሲነካ ታዲያ እንቅልፋቸው ብን ይላል። "እዪው! ኳሷ ሳትመጣለት ዞሮ አየ! እሱ አይሮጥም፤ ኳሷን ነው የሚያስሮጣት!" ይሉኝ ነበር። እኔም ሜዳ ላይ አንገቴን ወዲያ ወዲህ ማዞር ለመድኩ። እማዬ አሞኝ መስሏት ቅባት ቀባችኝ።

የሰፈራችን ቡድን አሰልጣኝ ከየት እንደመጣን ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ። "ራነርስ!" አለና ክንፍ ላይ ለጠፈኝ። መሃል አጫውተኝ ብዬ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች! "ራን! ራን!" ይጮህብኛል፤ ሳልደርስባት ኳሷ ትወጣለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ። እንባዬ ይመጣል፣ ግን ለማን አባቱ ላልቅስ!

"አባባ፣ እባክዎ ኮቹን ያናግሩልኝ" አልኳቸው። ተነስተው ሲሄዱ ልቤ ዘለለ። እሳቸው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው "ታንክ ዩ፣ ቲቸር" ብለው ተመለሱ። "አስተማሪ ይከበራል እንጂ አይታረምም፣ ልጄ" አሉኝ። ይህችን ንግግር እስከ ዛሬ እጠላታለሁ። በዚያው ክረምት ኳስ ተውኩ፤ ምን ሆንሽ ያለኝም የለም።

ስፔናዊው ጫማውን ሰቅሏል። "ይሄ ድንክ ምን ይሠራል" ይሉ የነበሩት የአባባ ጓደኞች ሁሉ ዛሬ በሱ ነው የሚምሉት። ባለፈው እሁድ አሁን የሚኖሩበት ሰፈር ዌስተን ልጠይቃቸው ብሄድ፣ አባባ የድሮ ጨዋታውን በስልክ እያዩ ነው። "ዕድለኛ ነው" አሉኝ። "አይሮጥም ብለው ጥግ ቢያስቀምጡት ማን ያውቀው ነበር?"

ደሜ ፈላ። "እኔን ጥግ ሲለጥፈኝ ታንክ ዩ አሉት እኮ፣ አባባ!" ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ጮሄባቸው አላውቅም።

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ ደፉት። "ልነግረው ነበር የሄድኩት" አሉ ዝግ ብለው። "መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነበር። ፊቱ ስቆም እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ባዶዬን መጣሁ እንዴት ልበልሽ?"

በእሳቸው ተናድጄ ነው ያደግኩት። ዛሬ እንግሊዝኛው እንደ ጉድ አለኝ፤ ንዴቱም እንደጋለ ነው። ያ አሰልጣኝ ግን የት አባቱ እንደገባ እንጃ!