አብሾ አልጠጣሁም!

ቤታችን ከማንኩሳ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። አባቴ የደብሩ ቄስም የቅኔ መምህርም ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፣ እኔ አባየ እላቸዋለሁ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሻንጣዬን ይዤ እቤት ከተፍ አልኩ። «እረፍት ሰጡን» አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ትምህርቱን ለማቋረጥ ፎርም ሞልቼ፣ ፈርሜ ነበር የወጣሁት። ከጥምቀት በኋላ ባለው የምዝገባ ሳምንት ካልተመለስኩ ቦታዬን እንደማጣ ሬጅስትራሩ በግልጽ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ የመመለስ ሐሳብ አልነበረኝም።

ለምን እንደወጣሁ ልናገር፤ አሁን አላፍርበትም። የኤድስ ወረርሽኝ የሆስፒታላችንን ዋርድ፣ ሕሙማን የሚተኙበትን ክፍል፣ ጢም አድርጎ የሞላበት፣ ዕድሜ የሚያረዝመው መድኃኒት ደግሞ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነበር። ማክሰኞ ደም የቀዳሁለት ልጅ ሐሙስ ስመጣ የለም፤ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። የሚሞቱት የእኔው እኩዮች ናቸው። አስተማሪዎቻችን «ቀጥሉ» ይሉናል፣ እንቀጥላለን። መጀመሪያ እንቅልፌ ሄደ፣ ከዚያ እህል አስጠላኝ፣ ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። መርፌ አልወጋኝ፣ ደም አልነካኝ፣ ግን ይዞኛል ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። በመስታወት ምላሴን አያለሁ፣ ብብቴን እዳብሳለሁ፣ እጄን ታጥቤ እንደገና እታጠባለሁ። ተመርምሬ ነጻ ነሽ ስባል ላቦራቶሪው ተሳስቷል አልኩ። «በሽታው በምን በምን ይተላለፋል?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ አንዲት ነጥብ ሳልስት የመለስኩት እኮ እኔ ነኝ! እውቀቴ ወረቀቱ ላይ ቀረና እኔ ባዶዬን ወጣሁ።

እቤትም መጥቼ ያው ነኝ። ጊዜው የበርበሬ ነው፤ ግቢው በሙሉ ቀይ ሆኗል። እማየ «ነይ ቀንጥሽ» ትለኛለች፤ አንዷን ዛላ ይዤ ፀሐይ እስኪዞርብኝ እቀመጣለሁ። የምነሳው እጄን ልታጠብ ብቻ ነው።

«ኧረ በማርያም! ውኃው እኮ ከምንጭ በጀርባዬ ነው የሚመጣ!» አለችኝ አንድ ቀን። አፍሬ ለአንድ ሰዓት ያህል ተውኩ።

አባየ አንድን ነገር በቀጥታ አይጠይቁም፤ ዙሪያውን ዞረው ነው የሚገቡት። «እዚያ እናንተ ዘንድ» አሉኝ፣ «ትምህርት ቶሎ እንዲገባ ተማሪው የሚጠጣው ነገር ይኖር ይሆን?»

ቡናን ያሉኝ መሰለኝ። «ሁሉም ይጠጣል እንጂ! ሳይጠጡ ማን ይችለዋል?» አልኩ። ፊታቸው ጥቁር አለ፤ ሌላ አልጠየቁም።

የገና ዕለት ጉዱ ወጣ። እማየ ጠላ ስትቀዳ ለሁሉም አዳረሰችና እኔን ዘለለችኝ።

«ምነው? የእንጀራ ልጅ ሆንኩ እንዴ?»

«አባትሽ ናቸው አትቅመስ ያሉ» አለች ዓይኗን ሰብራ። «አብሾ ያለበት ሰው መጠጥ ከነካ ይነሳበታል፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አብሾ በየቅኔ ቤቱ አንዳንድ ተማሪ ትምህርት ይገልጥልኛል ብሎ ተደብቆ የሚጠጣው ቅጠል ነው። አእምሮ ይስላል ይባላል፣ ያሳበደውም ጥቂት አይደለም። አባየ በተማሪነታቸው አንድ ጓደኛቸው እሱን ጠጥቶ ነገር ዓለሙን ትቶ፣ ወንዝ ወርዶ ሲታጠብ ሲውል አይተዋል። እኔን ሲያዩ ያ ልጅ ታያቸው።

ሳቄ መጣ። ከስንት ወር በኋላ! እየሳቅሁ ሳለሁ ንዴቱ ተከተለ፤ እኔ ደግሞ ስናደድ ለጉድ ነው። አባየን ከግቢው በታች ከዋርካው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አብሾ አልጠጣሁም!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ በአባቴ ላይ! «ሰው እያለቀብኝ ነው፣ አባየ! በየቀኑ! እኔንም የያዘኝ እየመሰለኝ እንቅልፍ አልተኛም። እረፍትም አልሰጡኝ፣ ጥዬ ነው የመጣሁ!»

አለቀስኩ። በአንዴ ሁሉን ዘረገፍኩት፣ የምዝገባውን ቀን ሳይቀር። አሁን ጠበል ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ትመለሻለሽ?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ።»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይኸ በሽታ... መስቀል በመሳለም ይተላለፋል?»

እንዲህ ፊት ለፊት ጠይቀውኝ አያውቁም። ከጥያቄው በኋላ የራሳቸውን ጭንቀት አወጡ። ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ታሞ የተመለሰ ጎልማሳ የንስሐ ልጃቸው ነው። ከእህቱ በቀር ቤቱን የሚረግጥ የለም። አባየ በየሳምንቱ ይሄዳሉ፣ ግን ከደጃፍ ሆነው ጸልየው፣ ከሩቅ አማትበውበት ይመለሳሉ። መስቀሉን አላሳለሙትም።

«ያንኑ መስቀል እርጉዟም ሕፃኑም ይሳለመዋል፤ ምን ላድርግ?» አሉ። «እሱ አንገቱን ያቀናል፣ እኔ ዞሬ እሄዳለሁ። እንዲህ ሳደርግ ስንት ወር ሆነኝ።»

«አይተላለፍም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ስድስት ወር ሙሉ ስለምንም ነገር እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ግን ይህን አውቃለሁ! በምን እንደሚተላለፍ በምን እንደማይተላለፍ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ እንደ ተማሪ ቁጭ ብለው ሰሙኝ፣ ያልገባቸውን ደግሜ አስረዳኋቸው።

«እንግዲያው ነገ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ሰውየው መደብ ላይ ነው፣ አጥንቱ ቀርቷል። ከደጅ ሆኜ ሸተተኝ፤ ያው የዋርዱ ሽታ ነው። አባየ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሙና ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ጸለዩ። መስቀሉን ግንባሩን አስነክተው ከንፈሩ ላይ ሲያደርጉለት በሁለት እጁ ያዘው፤ ቶሎም አልለቀቀው። አባየ እንባቸው ወረደ።

መስቀሉን መልሰው ሲይዙት የነጠላቸውን ጫፍ ሳብ አደረጉ፣ ሊወለውሉት። ሰውየው እያየ ነው። እጃቸውን ያዝኩ። ፈራሁ፣ አልዋሽም፤ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ እሱ የሳመበት ላይ ሳምኩ።

ሰውየው አየኝ፣ ትክ ብሎ። «የየኔታ ልጅ... ሐኪሟ ነሽ?»

«ገና ነኝ» አልኩት። «ሁለት ዓመት ይቀረኛል።»

አባየ ዞር ብለው አዩኝ። ያልኩትን እኔም ራሴ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«በይ ቶሎ ጨርሽ» አለኝ ሰውየው።

«እሺ» አልኩት፤ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። እቤት እንደተመለስን ሻንጣዬን ማሰናዳት ጀመርኩ።