እናቴ እግር ሥር የወደቀችው ኳስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት ከዩኒቨርሲቲ እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሳታወርድ ኩሽና ገባች። ውጭ የሰፈራችን የኦስዶርፕ ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል፤ እኔ ምስር ወጥ አማስላለሁ።

"ፓፓ፣ አንተ ድሮ የአሜሪካ ፉትቦል ትጫወት ነበር አይደል?" አለችኝ። አንተ መባሉን ለምጄዋለሁ፤ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ አንቱታን ከየት ታመጣዋለች? "እኔም የተማሪዎች ቡድን ገባሁ። ሪሲቨር አደረጉኝ። ጥሩ ሪሲቨር የሚያደርገው ምንድን ነው?"

ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ። መጀመሪያ የታየኝ አጥንቷ ነው። ፊቴን አይታ ሳቀች። "አትፍራ፣ የእኛ መጣጣል የለበትም። ወገብ ላይ የታሰረ ሪባን መንጠቅ ብቻ ነው።"

እፎይ አልኩ። እፎይታው ግን ከሪባኑ ብቻ የመጣ አልነበረም። ልጄ ሳትደብቅ፣ ገና ከመጀመሪያው መጥታ ነገረችኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ አላደረግሁም።

ያኔ ከእናቴ ጋር ዘ ሄግ ነበር የምንኖረው። አባቴ ገና ደሴ ሳለን ስለሞተ እኔና እሷ ብቻ ነን። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ከብስክሌት ወድቄ ክንዴ ሲሰበር፣ ከእኔ ይልቅ የከሳችው እሷ ናት። ጄሶው የተፈታ ቀን አጠገቧ አስቀምጣ፣ አጥንት የሚሰብር ነገር ውስጥ ዳግም እንዳልገባ አስማለችኝ። "ወላሂ" አልኳት። ልጅ ነበርኩ፣ መሐላ ቀሎኝ ነው።

ሮተርዳም ኮሌጅ የገባሁ ዓመት፣ ዮሪስ የሚባል የክፍሌ ልጅ ሜትሮ ሊያመልጠኝ ሲል እንዴት እንደምሮጥ አየ። እሱ የኮሌጁ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር። ጎትቶ ወሰደኝና ዋይድ ሪሲቨር አደረጉኝ፤ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ጨዋታው ሲጀመር ወደፊት ሮጦ የተወረወረለትን ኳስ የሚቀበል ማለት ነው። ቀላል መስሎኝ ነበር። ወርዋሪው ግን አንተ ደርሰህ እስክትዞር አይጠብቅህም። ማንም የሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ይልካታል፤ እርምጃህን ቆጥረህ እዚያ መገኘት የአንተ ፈንታ ነው። የሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም። ኳሷ ለአንተ ባትሆንም እንኳ ለአንተ እንደሆነች አድርገህ መሮጥ አለብህ፤ አለዚያ ተከላካዩ ይነቃል። ይህን ሁሉ ተማርኩ። እግሬም ቆጠራዬም ጥሩ ሆነ።

ዓይኔ ነበር ያስቸገረኝ። ኳሷ ጣቶቼን ልትነካ ስትል ዓይኔ ከእሷ ይነቀልና የሚመታኝን ሰው ፍለጋ ይሄዳል። ያን ጊዜ ኳሷ ከእጄ ትወጣለች። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ነበሩ። "ምን ያስፈራሃል? ሕመሙ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ሕመሙን አልነበረም የፈራሁት። አንድ ጣቴ ቢያብጥ፣ ጥቂት ባነክስ፣ እናቴ ታውቃለች። እሑድ እሑድ "ቤተ መጻሕፍት ነኝ" እላታለሁ፤ ሄልሜቴና የትከሻ መከላከያዬ ዮሪስ ቤት ያድራሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

ሚያዝያ ላይ ጨዋታችን የዘ ሄግ የባሕር ዳርቻ በሆነው ስኬቨኒንገን አካባቢ ባለ ሜዳ ሆነ። እናቴ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ እዚያው ሰፈር ነው፤ ቢሆንም እሑድ ሙሉ ቀን ሥራ ላይ ስለምትውል አልሰጋሁም። ነፋሱ ከባሕሩ ጨውና የዓሣ ጥብስ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ኳሷን በአየር ላይ ያንገላታል።

ከዕረፍት በፊት ቀና ስል አየኋት። የሥራ ልብሷ ላይ ሰማያዊ ጃኬቷን ደርባ፣ ሻሿን አጥብቃ፣ አንድ ሽማግሌ በዊልቸር እየገፋች ወደ ሜዳው ዳር መጣች። ሰውየውን አወቅኋቸው፤ ሁልጊዜ የምታወራልኝ የመጦሪያው ነዋሪ ሜነር ያን ናቸው፤ "ሜነር" በደችኛ አቶ ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው ለካ ለተጋጣሚያችን ይጫወታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ! ሄልሜት ውስጥ ስላለሁ አታውቀኝም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቀጥሎ ዮሪስ እንድሮጥ የጠራልኝ አሯሯጥ ግን በቀጥታ ወደ እሷ የሚወስድ ሆነ። አሥር እርምጃ ወደፊት፣ ከዚያ ወደ መስመሩ ዞር። ስዞር ኳሷ መጥታለች፤ ከኳሷ በስተጀርባ ግን ሰማያዊው ጃኬት ነበር። ዓይኔ ወደዚያ ሄደ። ኳሷ እጄን ነክታ ወጣች፣ አንድ ተከላካይ ከጎን መጥቶ አነሳኝ፣ ሁለታችንም እናቴ እግር ሥር ወደቅን።

"ወይኔ እማዬ!" አልኩ። ሳላስበው ነው። በሌላ ቋንቋ መጮኽ ማን ያስታውሳል?

ከዚያ ከላዬ፣ በጥርጣሬ፣ "ሰዒድ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ታልፍ ነበር። ግን እናት ስትጠራ ዝም ማለት አልተማርኩም።

"አቤት" አልኳት።

ተንበርክካ ሄልሜቴን ስታወልቅ ዳኛው እየሮጠ መጣ። "እናቱ ነኝ" አለችው በደችኛ፤ እሱም ወደ ኋላ ተመለሰ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈች፣ ዘረጋች። "እግርህን አንቀሳቅስ። አንገትህንስ? አልሐምዱሊላህ።" ከዚያ ፊቴን አየችው። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመስከረም።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ኳሷ ጠቆመች።

"እጅህ ገብታ ሳለ ዓይንህን ወዴት ወሰድከው?"

"እ?"

"ሜነር ያን ክፍል በቴሌቪዥን የአሜሪካ ኮሌጆችን ስናይ ነው የምንውለው። ኳሷን ሳይጨብጥ ሌላ የሚያይ ተቀባይ ሁሌም ይጥላታል።" ሜነር ያን ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ከዊልቸራቸው ላይ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። እናቴ ሄልሜቴን መልሳ አጠለቀችልኝ። "በመሐላህ ጉዳይ ቤት እንነጋገራለን። እኔ እንደሁ አውቄያለሁ። ከእንግዲህ ዞረህ የምታየው የለም፤ ኳሷን እይ።"

ስትመለስ የዊልቸሩን ፍሬን ስትፈታ አየኋት። ልጇ መሬት ላይ ተዘርሮ "እማዬ" ሲል፣ መጀመሪያ ያደረገችው ሽማግሌው እንዳይንሸራተቱ ፍሬኑን ማሰር ነበር።

ከዕረፍት በኋላ ዮሪስ ያንኑ አሯሯጥ ጠራ። ቆጠርኩ፣ ዞርኩ። ከጎኔ ሰው እየመጣ እንደሆነ እሰማለሁ፤ ይምጣ። ኳሷ ስትሽከረከር ነጭ ክሯ ሳይቀር ታየኝ። ገባችልኝ። ሰውየውም መታኝ፤ ወደቅሁ፤ ኳሷ ግን ደረቴ ላይ ነበረች። ከመስመሩ ዳር "አብሽር!" የሚል የእናቴን ጩኸት ሰማሁ። ስነሣ የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ስምንት ወር ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወርዶ ነበር። ጨዋታውን እንኳ ተሸንፈናል።

ሥራዋ ሲያልቅ ወደብ ዳር ተቀምጠን በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ የዓሣ ጥብስ በላን። ከበላን በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ "መጫወትህ አይደለም የጎዳኝ። ተሰብረህ ከሆስፒታል ቢደውሉልኝ፣ 'ተሳስታችኋል፣ የእኔ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ነው' ብዬ ስልኩን እዘጋባቸው ነበር።"

ከዚያ ወዲህ አልዋሸኋትም።

ይህን ሁሉ ለሐያት ስነግራት ምስሩ ከሥር ያዘ። "እና መልሱ ዓይን ነው?" አለችኝ።

"እግርና እጅ በልምምድ ይመጣል። ዓይንሽ ግን ኳሷ ላይ የሚያርፈው ከኋላሽ የሚያስፈራሽ ነገር ከሌለ ነው። ለአያትሽ ነግረሻታል?"

"ኔ፣ ገና አልነገርኳትም።"

"እንግዲያው ደውዪላት።"

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። እናቴ አሁን ራሷ መጦሪያ ቤት ናት፤ ጉልበቷ እምቢ ካላት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሐያትን እስከ መጨረሻው ሰማቻት፣ ሪባኑንም ጭምር። ሰብሮ የማይጥል ጨዋታ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካረጋገጠች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ሜዳው ዳር ለዊልቸር ይመቻል?"

"ይመቻል እማዬ" አልኳት እኔ። "የምገፋሽ እኔ ነኝ።"

"ልጅቷ ከወደቀች ትሮጣለህ፤ አውቅሃለሁ" አለችኝ። "መጀመሪያ ፍሬኑን እሰር።"