የዋሂሉን መንገድ የነዳሁት እኔ ነኝ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከድሬዳዋ ወደ ዋሂል ተነሳሁ። ጉዳዬ ወተት ነው። የዋሂል ወተት ነጋዴዎች ጀሪካኖቻቸውን በአሮጌዋ ፒክአፔ ወደ ከተማ እንዳመጣላቸው የተስማማነው በቅርቡ ነው። ድሮ የሚጭንላቸው ባለ ጭነት መኪና እያረፈደ ወተታቸውን በሙቀት ያበላሽባቸው ነበር። እኔም ካረፈድኩ ወደ እሱ ይመለሳሉ፤ እንጀራዬም አብሮ ይሄዳል።

ባለቤቴ ጀማል አብሮኝ መጣ። ጀማል መንዳት አይችልም። ሞተሩ ሰሞኑን ረጅም መንገድ ላይ መንተፋተፍ ስለጀመረ «ሴት ብቻዋን ሜዳ ላይ ብትቀርስ» ብሎ ነው። ማደያ ስንደርስ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ የታንከሩን ክዳን በኩራት ከፈተ። ቤንዚን እንዳይሰረቅብኝ ብሎ ከታይዋን ገበያ የገዛልኝ አዲስ ክዳን ነው። ቁልፉን የሚይዘው ግን እሱ ነው።

ከከተማው እንደወጣን ግራና ቀኙ ግራርና ቁልቋል ሆነ። አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ ግመሎች መንገድ ዘግተው አቆሙን፤ ባለቤታቸውም አልቸኮለም። ዋሂል ልንደርስ ስንል ሞተሩ አመሉን ጀመረ። ይንቀጠቀጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ቤንዚን ስሰጠው ጉልበት ያጣል።

ዋሂል

ጀሪካኖቹ እስኪጫኑ ፈጢራ በሻይ በላንና ሞተሩን ለአንድ መካኒክ አሳየነው። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ጀማልን ጠየቀው፤ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል ወይ? ጀማል ሳያፍር «በጣም» አለ። ዘይት ይበላል ወይ? ይበላል። እኔ የመኪናውን ቁልፍ ይዤ እዚያው ቆሜያለሁ። ቁልፉ እንደዞረ ነው የሚነሳው፣ ዘይትም አይበላም ብዬ ጣልቃ ብገባ መካኒኩ ፈገግ ብሎልኝ ፊቱን ወደ ጀማል መለሰ።

«አቦ፣ ይሄ ሞተር አልቆለታል። ይውረድ» ሲል ፈረደ።

ደሜ ፈላ። ከተማ ያለው ጋራዥም እንዲሁ የጀማልን ምስክርነት ሰምቶ ካንዴላ ቀይሯል፣ ካርቡራተር አጥቧል፤ ምንም ለውጥ የለም። የልጁን ሕመም እናቱን ትቶ ጎረቤት የሚጠይቅ ሐኪም ምን ይባላል?

ዳገቱ ላይ

ስንመለስ የወተት ነጋዴዎቹ ታላቅ ሐዋ አብራን ተሳፈረች። ሞተሩ ቆሞ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ዳገቱ መሀል ግን ተንተፋትፎ ጠፋ። ፀሐይዋ በርትታለች። ሐዋ ወርዳ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰች።

ይባስ ብሎ ያ የድሮው ባለ ጭነት መኪና ደረሰና ቆመ። እሱም የጠየቀው ጀማልን ነው። ጀማልም «ሞተሩ አልቋል» አለው። ሰውየው ወተቱን ወደ እኔ አዛውሩት ብሎ የኋላ በሩን ከፈተ። ሐዋ እኔን አየችኝ። ትንሽ ታገሺኝ አልኳት።

ማንም ያልጠየቀኝን ራሴን ጠየቅኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው? አዲሱ ክዳን ከተገጠመ ወዲህ። ከተማ ውስጥ አይታመምም። ረጅም መንገድ ላይ ይታመማል፣ ቆሞ ሲያርፍ ይሻለዋል። ታዲያ ይህ ያለቀ ሞተር ጠባይ አይደለም፤ ቤንዚን እያጠረው ነው።

«ጀማል፣ የክዳኑን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ዛሬ ሞልተነዋል እኮ!»

«ስጠኝ አልኩህ።»

ክዳኑን ስከፍት ታንከሩ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ረጅም አፏጨ። ሞተሩን አስነሳሁት፤ ወዲያው ተነሳ። እርግጠኛ ለመሆን መልሼ ቆለፍኩትና ነዳሁ፤ ጥቂት እንደሄድን መንተፋተፉ ተመለሰ። ወርጄ ከፈትኩት፤ ለቀቀው። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ይህ የሚያብረቀርቅ ክዳን ግን መተንፈሻ ቀዳዳ የለውም። ታንከሩን ሲያንቀው ከርሟል። አፉን በጨርቅ ላላ አድርጌ ሸፈንኩና ቀጠልን። ባለ ጭነት መኪናውም ባዶውን ሄደ።

ድሬ

የደንበኞቿ ሱቅ በር ላይ ሐዋ ጀሪካኖቹን እየከፈተች ቀመሰች። ሁለቱ ኮምጥጠዋል። አፈርኩ፣ ተናደድኩም፤ የጠፋው ጊዜ የእኔ ጥፋት አልነበረም። ሐዋ አልተቆጣችኝም። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ነይ። ግን ብቻሽን ነይ።»

ጀማል ጀሪካን እያወረደ ነበር፤ ሰምቷል።

ቤት ስንገባ ጎረቤቶች ሞተሩ ምን ሆነ አሉ። እሱኑ ነዋ የሚጠይቁት! ጀማልም ተመቻችቶ ተቀመጠና «ክዳኑ ነው ለካ፤ ደረስንበት» አለ። ደረስንበት! ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቢኖር የመኪና ሕመም የሚጠየቀው መሪውን የያዘ ሰው መሆኑን ነው፤ ካልጠየቁትም ሳይጠየቅ ይናገር። ጀማል ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ፉጨቱ ሁሉን አወራላቸው። ሐዋ ሱቁ በር ላይ ያለችውን ግን ዘለለው።

እኔ ነገርኳቸው።