ማንም ያልተቆጣቸው መጥረጊያ ሠሪዎች

ታላቅ ወንድሟ «እምቢኝ» እያለ ነው የሚጠራት፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ። ያንሳታል እንጂ አይበዛባትም። ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ወንበሯ ሞቆ፣ ደመወዟ ሳይዛነፍ እየገባላት ስትኖር፣ ቆዳ አቅልቶ ቆንጆ ያደርጋል ለሚባል ቅባት ማስታወቂያ ጻፊ ቢሏት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። እናቷ አለቀሱ። ጓደኞቿ አበደች አሉ። እሷ እቴ! ከወንድሟ ጎማ ቤት በላይ ያለችውን አንዲት ክፍል ተለማምጣ አስለቀቀችና፣ አሮጌ ማተሚያ ማሽን አስገብታ፣ «ሰው ለሚጠቅም ሥራ ብቻ» ብላ በሯ ላይ ጻፈች።

መጀመሪያ ላይ ለመጣው ሁሉ በነጻ ሠራች። በነጻ የሠራችላቸው ሰዎች ደግሞ ምክሯን በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው አፈሰሱት፤ ስልክ ብትደውል አያነሱም። ቆሽቷ አረረ። ከዚያ ወዲህ ትንሽም ብትሆን ታስከፍላለች፤ ሲከፍሉ ይሰሟታላ! ሌላም ደንብ አወጣች፤ ራሷ ላልተጠቀመችበት ዕቃ አንዲት ቃል አትጽፍም። በዚህ ደንቧ ስንቱ ደንበኛ አኩርፎ እንደሄደ እሷው ታውቃለች።

አንድ ቀን መጥረጊያ ሠሪዎቹ ዘንድ ተጠራች። ሁሉም ዓይነ ስውራን ናቸው። ከከተማው ዳር ባለ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቃጫ በሽቦ ያስራሉ፣ እጀታ ይገጥማሉ። የሚመሯቸው እትዬ የሚሏቸው ጠና ያሉ ሴት ናቸው። መጥረጊያው አልሸጥ ብሎ አዳራሹ ሊዘጋ ተቃርቧል። ደግነቱ ሲረዳቸው የኖረ አንድ ትልቅ ኩባንያ የመንገድ ዳር ቢልቦርድ ወጪ ችሎ ሊያስተዋውቅላቸው ቃል ገባ፤ ማስታወቂያውን እምቢኝ እንድትሠራው ተባለ። ሥራው ለእሷም ነፍስ መዝሪያ ነበር፤ ወንድሟ ክፍሏን የጎማ ማከማቻ ሊያደርጋት ዓይኑን ከጣለባት ሰንብቷል።

የኩባንያው የበጎ አድራጎት ኃላፊ ፎቶውን ራሱ መርጦ አመጣ። እትዬ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው። ከሥሩ «እባክዎ ይዘኑላቸው» ተብሎ እንዲጻፍ ፈለገ። እትዬ ፎቶው ለምን እንደሚውል የነገራቸው የለም። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ እነሱ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። እምቢኝን ደግሞ ከንፈር ሲመጠጥ ስትሰማ ጥርሷን ያማታል። ለጊዜው ዋጥ አድርጋው ከአዳራሹ አንድ መጥረጊያ ይዛ ሄደች።

ጠዋት ጠዋት የወንድሟን ጎማ ቤት ትጠርግበት ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ቃጫው እየረገፈ ወለሉን ሞላው። ወንድሟ ከመኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ ይሄ መጥረጊያ ራሱ ጠራጊ ይፈልጋል ብሎ ሳቀባት። እሱስ ይሳቅ፤ እሷ ግን ሆዷ ባባ። እነዚያን ሰዎች ምን ብላ፣ በየት አፏ ሥራችሁ አይረባም ትበላቸው? ፎቶውን አትሞ መገላገልም ነበር። ማን ያውቅባታል? እነሱም ይሸጡ፣ ክፍሏም ትተርፍ። ይህን ስታወጣ ስታወርድ ቆየችና በራሷ ብግን አለች። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ መጥረጊያ ቢያመጣላት እኮ መልሳ ነበር የምትወረውርለት! ለእነሱ ሲሆን ጊዜ ምን አለሳለሳት?

ሄዳ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። መጀመሪያ የፎቶውን ነገር፣ ቀጥሎ የመጥረጊያውን። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ፣ የእኛ ወገን ናት ስንል ጉዷን አወጣች ብሎ አጉረመረመ። ሌላው ደግሞ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ቅር ብሎት እንደማያውቅ ተናገረ። ይሄኔ እትዬ እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም አሰኙ።

«እስቲ አንዴ ገዝቶ ዳግመኛ ሊገዛ የተመለሰ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«አንድም የለም» አለ ጎልማሳው።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሲረግፍ ኖሯል ማለት ነው። ሁሉም አይተዋል። እግዜር ይርዳችሁ ብለው ይገዙና ቤታቸው ሲደርሱ ይጥሉታል። እንደ ሰው ቢቆጥሩን ኖሮ መጥተው ይቆጡን ነበር።»

እትዬ በንዴት እጃቸውን ዘረጉ። መጥረጊያውን ተቀብለው ዳበሱት፣ ለጎረቤታቸው አቀበሉት፤ ከእጅ ወደ እጅ አዳራሹን ዞረ። ጥፋቱ የሽቦው እንደሆነ ለማወቅ ማንም አልተቸገረም። ሲስቡት ይለጠጣል፣ ሲያስሩበት አይጠብቅም። ልባቸው ድሮም ያውቀው ነበር። ግን ሽቦው ከዚያው ከኩባንያው የተረፈ ነው፤ በመኪና ጭነው በስጦታ ያመጡላቸዋል። ለተሰጠ ነገር ደግሞ ምን ይባላል? እያመሰገኑ ሲያስሩበት ኖሩ።

ኃላፊው በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ድረስ መጣ። እምቢኝ ፎቶውን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ ይሄን አላትምም አለችው። ደነገጠ። ቀስ ብሎም መከራት፤ ሰው የሚገዛቸው አንጀቱን ሲበሉት ነው፣ ይሄን ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እምቢ ካሉ ቢልቦርዱ ለሌላ ይሰጣል። እምቢኝ ሳትመልስለት እትዬ ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ ፎቶዬን ተውልኝ፤ ሽቦህንም አስጭነህ ውሰድ። ዓይኔ አያይም እንጂ እጄ ደህና ነው።»

ሰውየው ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ። ቢልቦርዱም አብሮት ሄደ። ጎሽ! እንኳንም ሄደ።

ሠራተኞቹ ካላቸው ላይ አዋጥተው ደህና ሽቦ ገዙ፤ የተከመረውን መጥረጊያ ሁሉ ፈትተው እንደገና አሰሩት። እምቢኝ በዚያች በምትንተፋተፍ ማሽኗ ትንንሽ ወረቀት አተመች። የመጥረጊያ ሥዕልና የአዳራሹ አድራሻ፣ ከሥሩ ደግሞ «ከረገፈብዎ መጥተው ይቆጡን» ይላል። ሠራተኞቹ ማጣበቂያ ይዘውላት በየሱቁ በርና በየግንቡ ለጠፈችው። የክፍሏን ግማሽ ለወንድሟ ጎማ ለቀቀች፤ ዛሬም ላስቲክ እየሸተታት ነው የምትሠራው። ይሽተታ! አንገቷን ግን አልደፋችም። መጥረጊያው ቀስ በቀስ ይሄድ ጀመር፤ አዳራሹም ሳይዘጋ ከረመ።

አንድ ጠዋት እምቢኝ አዳራሹ ውስጥ ከእትዬ ጋር ስትነጋገር በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። አንዲት የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በአንድ እጇ መጥረጊያ፣ በሌላው የወለቀ እጀታ ይዛለች። ቃጫውስ ደህና፣ ይሄ ምን የሚሉት እጀታ ነው? ተማሪው ሁሉ እየሳቀባት በርከክ ብላ ልትጠርግ ነው? ምስማር ጠፋ? ደግሞ ተቆጡን ብለው ይለጥፋሉ! እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተው አያፍሩም? በአዳራሹ የሚሠራ እጅ አልነበረም፤ ፊቶች ሁሉ ወደ ድምፁ ዞረዋል። እምቢኝ ተሸማቅቃ ልታበርዳት ስትነሳ፣ እትዬ እጅጌዋን ጨምድደው ያዟት። ፊታቸው እንደዚያን ዕለት ፈክቶ አያውቅም።

«እኛን ነው የምትቆጣው» አሏት ጆሮዋ ሥር። «ተያት፣ ትጨርስ።»